ፍልሰታን የጾሙ ብልቃጦች

ሰው ስለ ሁለተኛ ዲግሪዬ ሲጠይቀኝ አማካሪዬን አመሰግናለሁ፤ ወጉ እንዲያ ነው። እውነቱን ካልደበቅኳችሁ ግን ያቺን ዲግሪ ያስገኘልኝ ጋሽ ኻሚስ ነው። መጀመሪያ ሊያሳጣኝ የነበረውም እሱ ነው። ሁለቱንም ያደረገው በንጹሕ ልብ ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ንጹሕ ልቡ ነው። በክፋት ቢሆን ኖሮ ተጣልቼው እገላገል ነበር።

ጋሽ ኻሚስ የመንጌ አካባቢ ሰው ነው፤ ብሔሩ ቤርታ። በወጣትነቱ በአህያ እየጫነ እስከ ሱዳን ጠረፍ፣ ኩርሙክ ድረስ ይነግድ ነበር። አሶሳ ላይ ክልሉ አዲስ ተቋቁሞ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጠረጴዛ ሲሻማ፣ ለአንዱ ቢሮ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ቢሮው ያን ጊዜ በር አልነበረውም አሉ። ጋሽ ኻሚስ በሩ እስኪገጠም ድረስ መግቢያው ላይ ራሱን እንደ በር አድርጎ ቆመ። የቢሮ ኃላፊው ራሳቸው መታወቂያ ረስተው የመጡ ቀን ማንጎ ዛፍ ሥር ነው የዋሉት። ሰው ይህን ሲያወራ ይስቃል፤ እኔ አብሬው ስለሠራሁ አልስቅም። አንድ ነገር «ጠብቅ» ከተባለ በቃ፣ አለቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ጋሽ ኻሚስ ሞኝ አይደለም፣ አያያዙ ግን ያው ነው።

ኮሌጃችን ሲከፈት ወደ ቤተ ሙከራው ተዛወረ። እኔም ከደብረ ሲና ጉም ተነቅዬ አሶሳ ተመደብኩ። መጀመሪያ ቀን ሲያየኝ «አንተ አዲስ አስተማሪ ነህ?» አለኝ። ቀሚስ ለብሼ፣ ሹሩባ ተሠርቼ! ደሜ ፈላ። ኋላ ነው የገባኝ፤ በጋሽ ኻሚስ አማርኛ ሴቱም «አንተ»፣ ወንዱም «አንተ»፣ የኮሌጁ ዲንም «አንተ» ነው። ሁለት ጊዜ አረምኩት። «እሺ፣ ይቅርታ፣ አንተ አትቆጣ» አለኝ። ምን ላድርግ፣ ተውኩት። እኔም በቤርታ ቋንቋ ሰላምታ ልሰጠው ስሞክር ሚስቱ ሳሊማ ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው።

አሁን ስለ ባክቴሪያዎቹ ልንገራችሁ፤ አትሽሹ፣ አጭር ነው።

ዳበሳ የሚባል የባምባሲ ሰው ከገበያው ጀርባ ጋራዥ አለው፤ መኪና ቀለም ይቀባል። ብሩሹን ያጠበበትን ቲነር ዓመት እስከ ዓመት ከግንቡ ኋላ ይደፋዋል። በአሶሳ ክረምት ድንጋዩ እንኳ ሣር የሚያበቅል ይመስላል፤ ያቺ የዳበሳ ጓሮ ግን መላጣ ናት። ከዚያ መላጣ አፈር ወስጄ በብልቃጥ ባሳድግ ባክቴሪያ ወጣ። ቲነር ውስጥ የሚኖር! ቲነር እኮ የባክቴሪያን ገላ የሸፈነውን ስስ ቅባት የሚያላላ መርዝ ነው፤ ሽፋኑ ሲላላ ውስጡ ያለው ሁሉ ይፈስሳል፣ ባክቴሪያውም ይሞታል።

የነዚህ ብልሃት እንዲህ ነው። ያ የቅባት ሽፋን የተሠራው ጭራ ካላቸው የስብ ቅንጣቶች ነው፤ ብዙዎቹ ጭራዎች መሃላቸው ላይ ታጥፈዋል። ወደ ባምባሲ የሚሄደውን ሚኒባስ አስቡት። ሰዉ ጉልበቱን አጥፎ፣ ተንፈላሶ ሲቀመጥ በየመሃሉ ክፍተት ስላለ ሌባ እጁን ይሰዳል። ቲነር ሲቀርብ ባክቴሪያዎቹ የታጠፈውን ጭራ ቀጥ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ተሳፋሪው ሁሉ ብድግ ብሎ ትከሻ ለትከሻ እንደተጠጋጋ ነው፣ ሌባው መግቢያ ያጣል። ቲነሩን ጥቂት ጥቂት እየቀመሱ የኖሩት ሁልጊዜ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ቲነሩን ካስቀራችሁባቸው ግን አዲስ የሚፈጠሩት እንደገና ይንፈላሰሳሉ፤ ድንገት ብዙ ቲነር ቢፈስባቸው ለመነሣት ጊዜ የላቸውም። ጥናቴ ይህን ማሳየት ነበር።

የሁለተኛ ዲግሪ ጊዜዬን ሁለት ጊዜ አራዝሜ ጨርሻለሁ። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ቁርጡ ተነገረኝ፤ ፈታኜ ዶክተር አስማማው ጉባ ሄደው ግድቡን ሊያዩ ስለሆነ በነሐሴ በአሶሳ ያልፋሉ፤ ባክቴሪያዎቹ የቲነሩን ውርጅብኝ ሲችሉ በዐይናቸው ካላዩ ከትምህርቱ ተሰናብቻለሁ። ዶክተር አስማማው ደግሞ ጥርሳቸው የታየበትን ቀን የሚያስታውስ ተማሪ የለም።

እንግዲህ ብልቃጦቼን በደንብ ማኖር ነበረብኝ። ችግሩ፣ በኮሌጃችን ብልቃጥ ዐይን ካላየው ይሰረቃል፤ አንዱ አስተማሪ ማር ሲያስቀምጥበት አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ግማሾቹ ላይ «ሸ» ብዬ ለራሴ ለሸዋሉል፣ መጠባበቂያዎቹ ላይ «ኻ» ብዬ ለኻሚስ ለጠፍኩባቸው። የጋሽ ኻሚስን ዕቃ የሚነካ ደፋር አሶሳ ውስጥ አልተፈጠረም። «እነዚህ ያንተ ናቸው፣ እነዚህ የኔ» አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀበለኝ።

ከዚያ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ለሁለት ሳምንት ሴሚናር አዲስ አበባ ተጠራሁ። «ጋሽ ኻሚስ፣ ጠዋት ጠዋት ለእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ሾርባ፣ ትንሽ ጠብታ ቲነር። ሌላ ነገር የለም» አልኩት። ሾርባው የሥጋ ነው። ባክቴሪያ የሚቀለብበት የዱቄት መረቅ ስላለቀ ከሥጋ ሻጩ ከጁምዓ ሉካንዳ ቀይ ሥጋ ገዝተን ራሳችን ቀቅለነዋል፤ ያማሰለውም ጋሽ ኻሚስ ራሱ ነው። «ኢንሻአላህ፣ አንተ አታስብ» አለኝ። እኔም አላሰብኩም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ያ ክረምት ረመዳንና ፍልሰታ የገጠሙበት ነበር። ከተማው በሙሉ ይጾማል፤ ግማሹ ጀንበር እስክትጠልቅ እህል ውሃ ሳይል፣ ግማሹ ሥጋና ወተት ትቶ። ዒድም የዋለው ፍልሰታ ሳይፈታ ነው። እኔና ዶክተር አስማማው ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን የገባነው በዚያው በዒድ ዕለት ነበር። ሰዉ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከሶላት ይመለሳል፤ ጋሽ ኻሚስ ቤቱ ነው። እኔም ዶክተሩን በቀጥታ ቤተ ሙከራ ይዤ ገባሁ።

ብልቃጦቹን ሳይ ደነገጥኩ። የኔዎቹ፣ «ሸ» ያልኩባቸው፣ ከስተዋል። ውሃው ውስጥ እፍኝ የማይሞላ ዳመና ነገር ብቻ ነው የሚታየው። የጋሽ ኻሚስ «ኻ»ዎች ግን እንደ አጥሚት ወፍረዋል፤ ባክቴሪያው ጢም ብሏል። አየሽ፣ አልኩ በልቤ፣ የራሱን ቀልቦ የኔን አስርቧል! ሰው ስስታም አይሁን እንጂ። ለማንኛውም የተረፈኝን እጠቀማለሁ ብዬ፣ በኩራት፣ ከወፈሩት አንሥቼ በዶክተሩ ፊት ቲነር ከለበስኩባቸው። ሰዓቱ ሲደርስ ከያንዳንዱ ጠብታ ወስጄ መስታወት ሳህን ላይ ቀባሁ። በሕይወት ያለ ካለ በማግስቱ ሳህኑ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይበቅላል።

በማግስቱ ሳህኖቹ ልብስ የታጠበባቸው ይመስል ንጹሕ ናቸው። አንዲት ነጥብ የለችም።

ዶክተሩ አንዱን ሳህን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት፤ ገልብጠውም አዩት። «ወይዘሪት ሸዋሉል፣ እኔ የማየው ባዶ ሳህን ነው» አሉ።

የስንት ዓመት ልፋት፣ የእናቴ ስለት፣ ሁሉም ባዶ ሳህን ሆነ። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብዬ ወጣሁና በመጀመሪያው ባጃጅ ጋሽ ኻሚስ ቤት ደረስኩ።

ቤቱ በዒድ እንግዳ ሞልቷል። ሳሊማ እሷም እንደ ባሏ «እንኳን መጣህ» ብላ ብስኩትና ከረሜላ የሞላ ሰሃን አቀረበችልኝ፤ እኔ ምኑን ልበላው! በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ጮህኩበት። «ጋሽ ኻሚስ፣ ገደልካቸው! ምን አበላሃቸው? ምን አድርጌህ ነው?»

ጋሽ ኻሚስ ከተቀመጠበት ተነሣ። ፊቱ ተለወጠ። «ማን ሞተ?»

«ባክቴሪያዎቹ! ‹ኻ› ያልኩባቸው!»

«የኔዎቹ?» አለና መልሶ ተቀመጠ። «የኔዎቹ ሞቱ? በዒድ?» እንግዶቹ ሰው የሞተ መስሏቸው ከንፈራቸውን መምጠጥ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ። ሳሊማ በቤርታ አንድ ነገር ስትላቸው ግራ ገብቷቸው እጃቸውን መለሱ።

«ምን ሰጠሃቸው?» አልኩት።

«ሾርባ። ጥሩ ሾርባ። ለዒድ ጨመርኩ።»

«ቲነሩስ?»

«ቲነር? ወላሂ አልሰጠሁም!» ተቆጣ፣ በእውነት ተቆጣ። «ያ ነገር ያሰክራል። አንተ ስታሸተው ራስህ ይዞራል። በረመዳን ለኻሚስ እንዴት የሚያሰክር እሰጣለሁ? ሐራም ነው!»

«ኻሚስ አንተ ነህ እንጂ እነሱ ምናቸው ኻሚስ ነው!»

«ስም አንተ ጻፍክ። ‹ያንተ ነው› አልክ። የኔ ከሆነ፣ በኔ ሃይማኖት ያድራል። ቀን ይጾማል። መግሪብ ሲል፣ እኔ ሳፈጥር፣ እነሱም ሾርባ ይጠጣሉ። በየቀኑ። አንድ ቀን አላለፈም።»

በስመአብ ወወልድ! ለካ ከስስት አይደለም። ሰውዬው እኔ ከሄድኩ ጀምሮ ማታ ማታ ቤተ ሙከራ እየገባ ባክቴሪያ ሲያስፈጥር ነው የከረመው። ይህን ስሰማ ቁጣዬ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ቀስ ብዬ፣ መልሱን እየፈራሁ፣ «የኔዎቹስ? ‹ሸ›ዎቹስ?» አልኩት።

«ያንተ ክርስቲያን ነው። ፍልሰታ ነው። ሥጋ አይበላም» አለ፣ ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ነገር ስለጠየቅሁት እያዘነልኝ። «ሾርባው የጁምዓ በሬ ነው፤ ለነሱ እንዴት ይሆናል? አንተ ሄደህ እኔ ጾምህን አላስፈታም። ቲነር ብቻ ሰጠሁ። አንተ እንዳልከው፣ በጠብታ። በቲነር ውስጥ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም። ቲነር የጾም ነው።»

ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላውቅም። ቲነር የጾም ነው! ግን እኮ እውነቱን ነው። የኔዎቹ ቲነሩን ራሱን እየበሉ፣ ከስተው፣ ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ነው የከረሙት። የሞቱት የጠገቡት ናቸው። እኔ ደግሞ ውፍረት አይቼ ከጠገቡት አነሣሁ! ብስኩቱን ከሰሃኑ አፈስ አድርጌ ጋሽ ኻሚስን በእጁ ጎትቼ ባጃጁ ላይ ጫንኩት።

ዶክተሩ ወደ ጉባ የሚወስዳቸው መኪና ጎማ ስለፈነዳ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ እየተንጎራደዱ ነበር፤ ያን ጎማ እግዜር ይባርከው። አንድ ቀን እንዲያድሩልኝ ለምኜ፣ ተለማምጬ ወደ ውስጥ መለስኳቸውና ከ«ሸ»ዎቹ ላይ ያንኑ ያህል ቲነር አፈሰስኩ። በማግስቱ ሳህኖቹ በነጠብጣብ ተሞልተው ጠበቁን፤ ማሽላ የተበተነባቸው ነው የሚመስሉት። እልል ልል ስል ዶክተሩ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። አንዱ ሥጋ በላ፣ ቲነር አልቀመሰም፤ ሞተ። ሌላው ቲነር ቀመሰ፣ ሥጋ አልበላም፤ ተረፈ። ታዲያ ያዳነው ቲነሩ ነው ወይስ ረሃቡ?»

አናደዱኝ፤ ግን ልክ ናቸው።

«ሁለቱም ሾርባ ይጠጡ፤ ልዩነታቸው ቲነሩ ብቻ ይሁን። አሁኑኑ ጀምሪ፣ ከጉባ ስመለስ አየዋለሁ። ካልሠራ እንዳትደውዪልኝ» አሉና ወደ ጋሽ ኻሚስ ዞረው «ለነዚህ ለ‹ሸ›ዎቹ ሾርባ ስጣቸው» አሉት።

«አይሆንም» አለ ጋሽ ኻሚስ።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዶክተሩ የሰሙትን አላመኑም። «ምን አልክ?»

«ፍልሰታ ነገ ነው የሚፈታ። ዛሬ ሥጋ አይቀምሱም። እስከ አሁን ጾመው፣ አንድ ቀን ሲቀር ላስፈታ? አንተ ክርስቲያን አይደለህም? አንተ አትጾምም?»

ዶክተሩ ጠዋት ሆቴል ቁርስ ላይ ያዘዙት ዕንቁላል ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዐይናቸው «እዘዢው» ይላል። ዲግሪዬ በሳቸው እጅ ነው፤ አንድ ቃል ብናገር፣ ወይም ማንኪያውን ራሴ ባነሣ ያበቃ ነበር። ግን ይህ ሰው በኔ ስም፣ እኔ በሌለሁበት፣ የኔን ጾም ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነው። እንዴት አድርጌ ነው ፊቱ የማስፈታው? «ነገ ጠዋት እንጀምራለን፣ ዶክተር» አልኩ። ዶክተሩ ትከሻቸውን ሰብቀው ጎማው ወደተቀየረው መኪና ሄዱ።

ፍልሰታ በተፈታበት ጠዋት ጋሽ ኻሚስ ሾርባውን አሙቆ፣ «እንኳን ጾሙ ተፈታ» እያለ ለ«ሸ»ዎቹ አዞረላቸው። ከተረፉት «ሸ»ዎች ዘር ወስጄ በአዲስ ብልቃጦች ዘራሁ፤ ግማሾቹ ሾርባና ቲነር፣ ግማሾቹ ሾርባ ብቻ። ቲነር በማያገኙት ላይ «ኻ» ልለጥፍ ስል እጄን ያዘኝ።

«እነዚህ ይሞታሉ?»

«መሞታቸው ነው የሚያስፈልገኝ፣ ጋሽ ኻሚስ።»

«እንግዲያው የኔን ስም አትጻፍ። አብልቼ አሳድጌ በስሜ አይታረዱም። አንድ ጊዜ ሞተውብኛል፤ ይበቃል።»

«እሺ፣ ያለ ስም ይሁኑ።»

«ባለቤት የሌለው ዕቃ እኔ አልጠብቅም። ይሰረቃል።»

ከበር ጋር መከራከር ማለት ይህ ነው። የኔን ስም ብጽፍባቸው ከሌሎቹ ጋር ይምታታሉ። ደሜ እንደገና ፈላ፤ ሲፈላብኝ ደግሞ የማደርገውን አላውቅም። ዕድሜዬን ያሳጠሩትን ሰው አስታወስኩና ፕላስተሩ ላይ በትልቁ «አ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። «ባለቤታቸው ዶክተር አስማማው ናቸው» አልኩት። ጋሽ ኻሚስ በእርካታ ራሱን ነቀነቀ።

ዶክተሩ ከጉባ ሲመለሱ በአቧራ ከላይ እስከ ታች ተለውሰው፣ ስለ ግድቡ ግዝፈት እያወሩ ነበር የገቡት። ቲነሩን ከሁሉም ላይ በገዛ እጃቸው አፈሰሱ። ሳህኑንም ራሳቸው ቀቡ፤ እኔን አላመኑኝም፤ የየብልቃጡን ፊደል በፕላስተር ከየሳህኑ ሥር የለጠፈውም ጋሽ ኻሚስ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ኻሚስ ንጹሕ ጀለቢያውን ለብሶ፣ እኔ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አድሬ፣ ሦስታችን ማሞቂያ ሣጥኑ ፊት ቆምን።

የ«ሸ» ሳህኖች ማሽላቸውን ዘርተዋል። ዶክተሩ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ቀጥለው የሌሎቹን አወጡ። ባዶ። አንዲት ነጥብ የለም። ሾርባውን እኩል ጠጥተው፣ ቲነር ስላልቀመሱ ብቻ እስከ መጨረሻው አልቀዋል። ዶክተሩ ሳህኑን ገልብጠው ፕላስተሩን አነበቡ።

«‹አ› ማነው?»

አሁን ምን እላለሁ? አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ጋሽ ኻሚስ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ፊት ወጣ። ሁለት እጁን ለዶክተሩ ዘረጋ።

«አንተ ነህ። አላህ ያጽናህ፣ ዶክተር» አለ። «ሳይጎዱ፣ በደንብ በልተው ነው የሞቱ። እኔ ራሴ አጠገባቸው ነበርኩ።»

ዶክተር አስማማው ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የተዘረጋውን እጅ አዩ። ከንፈራቸው ጫፉ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሳህኑን አስቀምጠው የጋሽ ኻሚስን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አንገታቸውንም ሰበር አደረጉ።

«አሜን፣ ጋሽ ኻሚስ፣ አሜን» አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «ለሐዘንተኛ ወንበር አይሰጥም እንዴ፣ አንቺ?» አሉኝ።

ወንበር ሰጠኋቸው። ተቀመጡና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው እየታየ፣ «ሟቾቹ የኔ ናቸው፤ ተዝካራቸው ያንቺ ዲግሪ ይሁን። አልፈሻል» አሉኝ።

መሬት ላይ ዘፍ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። ጋሽ ኻሚስም አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «በቃ፣ አንተ አታልቅስ» አለኝ። «ያንተዎቹ እኮ ደኅና ናቸው።»